የት እንደሚያርፍ የጠየቀች እናት

አንዲት ሴት የቤቷን ቀዳዳ ስትወትፍ ዋለች።

ወገኖቼ፣ ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩም ቆርቆሮ። አገሩ ደግሞ ጅቡቲ ነው። የጅቡቲን ሙቀት የቀመሰ ከመካከላችሁ አይጠፋም። እዚያ ሰው አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈልጋል እንጂ ያለውን አይደፍንም። ይህች ሴት ግን አሮጌ ነጠላዋን እየቀደደች፣ ጨርቁን በጣቷ እየጠቀጠቀች፣ ሚስማር ወልቆ የተወውን ቀዳዳ ሳይቀር ትወትፋለች። ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል። የሚያልፉት ሹፌሮች ያዩዋትና ይሥቃሉ።

«እትዬ፣ በዚህ ሙቀት በረደሽ እንዴ?»

«ሂድ ወዲያ! ቤት ውስጥ አራስ አለችኝ» ትላለች።

አራስ ስትል ሣቁ ይቆማል። ሹፌርም ቢሆን የእናት ልጅ ነዋ! ሁላችንም ያደግንበት ነገር ነው። አራስ ንፋስ አይምታት፣ በር አይበርገድባት፣ ደጅ አትውጣ። የተማረው ይሥቃል፤ የገዛ ሚስቱ ስትወልድ ግን መጀመሪያ መስኮት የሚዘጋው እሱ ነው። አይደለም እንዴ? አትሣቁ፣ አውቃችኋለሁ።

ሴትዮዋ እታለማሁ ትባላለች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ እዚያው የመኪኖቹ መቆሚያ ጫፍ ላይ ምግብ ቤት ከፍታ ትኖራለች። ወደቡ ጭነት እስኪሰጣቸው ተራ የሚጠብቁ የአገራችን ሹፌሮች ሁሉ እሷ ዘንድ ይበላሉ። እየተቆጣች ታበላቸዋለች፣ እየመረቀች ትሸኛቸዋለች። ሰፈሩን ሹፌሮቹ «ወንዙ» ይሉታል። የት ቆመሃል? ወንዙ ጋ። የት እንብላ? ወንዙ፣ እታለማሁ ቤት። እንዲህ ነው የሚጠራው።

አራሷ ሐረገወይን ናት፣ የእታለማሁ አንድያ ልጅ። ወንድ ወልዳለች። ክርስትናው ገና ነው። የሕፃኑ አባት ይበልጣል ይባላል፤ እሱም ሹፌር ነው፤ ጭኖ ወደ አገር ቤት ወጥቷል።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ በዚህች ሴት አትፈርዱባትም። ሐረገወይን ይህ የመጀመሪያ ልጇ አይደለም። ከዚህ በፊት ድሬዳዋ ሳሉ ወልዳ ነበር። ያን ጊዜ የተከራዩት ቤት ባለቤት ልቀቁልኝ አለና፣ እናትየዋ አራስ ልጇን ከነሕፃኑ ክፍት መኪና ላይ ጭና ወደ ሌላ ቤት ወሰደቻት። ንፋስ ነበር፣ አቧራ ነበር። ከዚያ ሕፃኑ ትኩሳት ያዘው። ሞተ። ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ነገራቸው፤ ከንፋሱ ጋር አይገናኝም አለ። እታለማሁ ግን አልሰማችውም። «እኔ ነኝ ያወጣኋት፣ በእጄ ነው ለንፋስ የሰጠሁት» እያለች ስንት ወር አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ማለች፣ ሁለተኛ አራስ ከቤት አላወጣም ብላ።

እና ይህች ሴት ቀዳዳ ብትወትፍ ይፈረድባታል? እኔ አልፈርድባትም።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ወሬ መጣ።

ኑረዲን የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ አለ፣ ሹፌር ነው። ስልኩ ከእጁ አይወጣም። የዓለምን አየር ንብረት ሁሉ እዚያች ስልክ ላይ እያየ ሲያወራ ስለሚውል ሹፌሮቹ «ሜትሮሎጂ» የሚል ስም አውጥተውለታል። እሱ ነው ሰዎች ምሳ ሲበሉ ገብቶ የተናገረው።

«እትዬ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ከባድ አውሎ ነፋስ ተነሥቶ ወደ እኛ ባሕር እየገባ ነው። ወደቡም ሥራ ሊያቆም ነው አሉ።»

እታለማሁ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆመች። ንፋስ የሚለውን ቃል ነው የሰማችው።

«የት ነው የሚያርፈው?»

«እሱ ገና አልታወቀም። ትንበያው እንደሚለው ግን…»

«ትንቢት ነው ያልከው?» አለች ነጠላዋን ሳብ አድርጋ። «ማነው ነቢዩ?»

ቤቱ በሣቅ ተናጋ። ኑረዲንም ሣቀ።

«ነቢይ የለም እትዬ! ሳተላይት ነው። ትንበያ ነው ያልኩት። ትንቢት ሌላ፣ ትንበያ ሌላ።»

«ሁለቱም ያልመጣውን አይደል የሚናገሩት? ምን ልዩነት አለው?»

ኑረዲን ራሱን አከከ። «ልዩነቱማ… ትንቢት ይፈጸማል፤ ትንበያ ይሻሻላል።»

ልጁ ለቀልድ የተናገረው ነው። እኔ ግን ይህችን ቃል ወድጃታለሁ። ስንቶቻችን ነን ነገ የሚሻሻለውን ግምት ዛሬ እንደማይሻር ቃል ይዘን የምንኖረው?

ከዚያ ስልኩን አሳያት። ካርታ ነው። ነፋሱ አሁን ካለበት ቦታ ጀምሮ ወደ የብስ እየሰፋ የሚመጣ ነጭ ነገር ተሥሏል። ወገቡ ጠባብ፣ ታቹ ሰፊ፤ «ቀሚስ ይመስላል» አለች። በቀሚሱ መካከል አንድ ቀይ መስመር ይወርዳል።

«እኛ የት ነን?»

«እዚህ፣ ጫፉ ላይ።»

«መስመሩማ እዚያ ማዶ ነው የሚሄደው። እኛን አይነካንም ማለት ነው።»

«አይ እትዬ፣ መስመሩ መገመቻ ነው። ነፋሱ ከዚህ ቀሚስ ውስጥ በየትኛውም በኩል ሊያርፍ ይችላል። ቀሚሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይጠንቀቅ ነው የሚለው።»

ሰማችው? በጆሮዋ ሰማችው። ዓይኗ ግን ቀይዋ መስመር ላይ ተተክሎ ቀረ። የሰው ዓይን እንዲህ ነው ወገኖቼ። ሰፊውን ያሳዩናል፣ እኛ ቀጭኗን እናያለን።

እታለማሁ ውሳኔዋን እዚያው ተናገረች። «ስማኝ ኑሬ። እዚህ የሚያርፍ ከሆነ፣ እያለቀስኩም ቢሆን ልጄን አወጣታለሁ። እዚህ የማያርፍ ከሆነ ግን አራስ ልጄን በከንቱ ለንፋስ አልሰጥም። ስለዚህ አንተ የት እንደሚያርፍ ብቻ ቁርጡን ንገረኝ።»

«ቁርጥ የለውማ እትዬ።»

«ፈልገህ አምጣልኝ።»

ይህ ሞኝነት ይመስላችኋል? እኔ አስቤበታለሁ፣ ሞኝነት አይደለም። ብታወጣት ያለፈው ሕፃን ሞት ይደገማል ብላ ትፈራለች። ባታወጣት ነፋሱ ቤቱን ጣራውን ገፎ ይወስደዋል ብላ ትፈራለች። በሁለቱም በኩል የልጅ ልጇ አለ። መካከል ላይ ቆማ አንድ መልስ ብቻ ነው የምትለምነው። እናት ናት።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ትንበያው ተሻሻለ። መስመሩ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ኑረዲን እየሮጠ መጣ፤ እታለማሁ እቃ መጠቅለል ጀመረች። ብርድ ልብስ፣ የሕፃኑ ጨርቅ፣ ገንፎ የሚገነፋበት ድስት። ጠቅልላ ሳትጨርስ ሌላ መጣ፤ መስመሩ ወደ ማዶ ተመለሰ። እሰይ ብላ ፈታችው። ጠዋት ደግሞ ወደዚህ ዞረ። እንደገና ጠቀለለች። ሐረገወይን ከአልጋዋ ሆና ታያታለች።

«እማዬ፣ ደከመሽ እኮ። ወይ እንውጣ፣ ወይ እንቀመጥ።»

«አንቺ ዝም ብለሽ አጥቢ። ነገሩ እስኪለይለት ነው።»

እስኪለይለት! ይህቺን ቃል እናንተም ታውቋታላችሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ለየለት። ኑረዲን ከመኪናው ወርዶ እጁን ወደ ላይ እያወዛወዘ መጣ። «እትዬ! አረፈ! ማዶ አረፈ! ሌላ አገር ላይ፣ መጀመሪያ ቀይ መስመሩ የነበረበት ቦታ!»

እታለማሁ እልል አለች። ድስቷን ጣደች። ኑረዲንን ግንባሩን ሳመችው። ሹፌሮቹ «ሜትሮሎጂ ሜትሮሎጂ» እያሉ ትከሻውን መቱት፣ እሱም ኮራ። ይገባዋል፤ ልጁ ውሸት አልተናገረም። ነፋሱ በእውነት ማዶ ነው ያረፈው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ትንበያው ትክክል ነበር።

እነሱ ዘንድ ሰማዩ ጠቁሮ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ንፋሱም ቆርቆሮውን ያንኳኳል እንጂ ሌላ ምንም አላደረገም። በጅቡቲ ዝናብ ማየት ራሱ ደስታ ነው። አንዳንዶቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ወጥተው በዝናቡ ተመቱ።

እዚያው ደስታው መካከል ባንተይርጋ መጣ።

ባንተይርጋ የእታለማሁ የሟች ባሏ ጓደኛ ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ ብዙ አይናገርም። ተሳቢውን አስፋልቱ ዳር ፈትቶ በባዶ መኪናው መጥቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ገብቶ አልተቀመጠም።

«እታለም፣ ይበልጣል ደውሎልኝ ነበር።»

«ምነው? ለእኔ አይደውልም እንዴ?»

«አንቺን ይፈራል።»

ሹፌሮቹ ሣቁ። ባንተይርጋ አልሣቀም። «ከላይ፣ ተራራው ጋ መንገድ ላይ ቆሟል። ዝናቡ ሌላ ነው ይላል። ደረቁን ወንዝ የምንሻገርበት ቦታ ሞልቶ መኪና አያሳልፍም። ሁሉንም ውሃ ወደ ታች እየለቀቀው ነው። ሐረግን አሁኑኑ እናውጣት።»

የእታለማሁ ፊት ጠቆረ። «ምን ማለትህ ነው? አረፈ እኮ! ማዶ አረፈ! ኑሬ፣ ንገረው እንጂ!»

«አርፏል ጋሼ» አለ ኑረዲን።

«ይረፍ። እኔ የት አረፈ አላልኩም። እታለም፣ አንቺ የት ነሽ?»

«ቤቴ ነኛ!»

«ቤትሽ የት ነው?»

«እንዴ፣ ምን ነካህ? እዚህ ወንዙ…»

ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።

ወገኖቼ፣ ሹፌሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወንዙ! በየቀኑ ሲሉት የኖሩት ቃል ነው። ወንዙ ጋ ቆሜያለሁ፣ ወንዙ ጋ በላሁ፣ ወንዙ ጋ ጠብቀኝ። ሰፈሩ ስሙን ከየት አመጣው? ከወንዝ ነዋ! የደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ ነው ሁሉም መኪናውን ያቆመው። ቤቷም የተሠራችው እዚያው ዳርቻው ላይ ነው። እታለማሁ እዚያ ከገባች ወዲህ ውሃ ሲያልፍ አይታ አታውቅም፤ ስለዚህ ወንዝ የሚለው ቃል ለእሷ የሰፈር ስም ብቻ ነበር። ሁሉም ስሙን ጠሩት፤ ስሙ ምን እንደሚል ግን የሰማ አልነበረም። ሰማይ ሰማዩን ሲያዩ፣ ቀይ መስመር ሲከተሉ፣ የቆሙበትን መሬት ያየው የለም።

ታዲያ ወዲያው ተነሥታ ወጣች? አልወጣችም።

በሩ ላይ ሄዳ ቆመች፤ እጆቿን ዘርግታ መቃኑን ያዘች። ታለቅስ ነበር። «አታወጡብኝም! ንፋሱን አታዩትም? አንዱን በእጄ ሰጥቻለሁ፣ ይህንን አልሰጥም! ባንተይርጋ፣ አንተ ታውቃለህ፤ አንተ ነህ ያን ጊዜ ከመቃብር የመለስከኝ። እንዴት እንዲህ ትለኛለህ?»

አንዳንዱ ሹፌር መቆጣት ጀመረ። «ሴትዮ፣ ልጆቹን ልትገድያቸው ነው እንዴ!» አለ አንዱ። ሌላው በጉልበት እናውጣቸው አለ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እውነቱን ንገሩኝ። የዚህ ዓይነት ሰው ሲገጥመን ኋላ ቀር ነች፣ እምነት የላትም፣ እልኸኛ ነች አንልም? በፍርሃቷ አንሥቅባትም?

ባንተይርጋ ግን ክርክሩን ተወው። የንፋስ ነገር ውሸት ነው አላላትም፣ ሐኪሙ ያለውንም አላስታወሳት። ወደ መኪናው አየ፣ ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ በቀስታ ጠየቃት።

«እታለም፣ ንፋስ ሳይነካት ባወጣትስ?»

ለቅሶዋን አቆመች። «እንዴት አድርገህ?»

«ጋቢናዬን በርሽ ላይ እለጥፈዋለሁ። ከቤትሽ በር እስከ ጋቢናው በር ከላይም ከግራም ከቀኝም ሸራ እንይዛለን። ልጅሽ ከቤት ወጥታ ቤት ትገባለች። ጋቢናው ውስጥ አልጋ አለ፣ መስኮቱን ዘግቼዋለሁ። ቀዳዳ ካለ አንቺ ትወትፊዋለሽ።»

እታለማሁ ሰውዬውን አየችው። ከዚያ ወደ ኑረዲን ዞረች፤ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቀችው። «ኑሬ፣ የኔ ልጅ፣ ውሃው ይመጣል?»

ኑረዲን ስልኩን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከተተ፤ መልሶ ባዶውን አወጣው። «አላውቅም እትዬ። ስለ ነፋሱ ነበር የምትጠይቂኝ። ስለ ወንዙ እኔም አላየሁም።»

ስንት ጊዜ ቁርጡን ንገረኝ ስትለው ከርማለች። ቁርጡ ይኸው ነበር፣ አላውቅም የሚል። ያን ጊዜ እጇን ከመቃኑ አነሣች።

ከዚያ ያንን ሥራ ብታዩት! ባንተይርጋ መኪናውን ገፋ አደረገ፣ መለሰ፣ ጎኑን ከቆርቆሮው ጋር አስነካው። ሹፌሮቹ ጭነት የሚሸፈንበትን ትልቁን ሸራ አመጡ። ከላይ ከጣሪያው ወደ ጋቢናው ዘረጉት፣ በሁለቱም በኩል እስከ መሬት አወረዱት። ንፋሱ ይታገላቸዋል፣ ዝናቡ ፊታቸውን ይመታል። በጉልበት እናውጣቸው ያለው ሰው አንዱን ጫፍ በእግሩ ረግጦ፣ ሌላውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ሴትዮ ብሎ የተቆጣው ተንበርክኮ የታችኛውን ጫፍ በጉልበቱ ተጭኖታል። ኑረዲንም አንዱን ማዕዘን ይዟል። እታለማሁ በውስጥ በኩል እየዞረች በእጇ እየዳሰሰች ታዝዛለች።

«እዚህ ጋ ይገባል! አንተ፣ ሳብ! አዎ፣ እንዲህ! ተባረክ!»

ሐረገወይን ተሸፋፍና፣ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከቤቷ በር ወደ ጋቢናው በር አለፈች። ውጭ ዝናብና ንፋስ ነበር፤ እሷ ያለፈችበት መንገድ ግን ፀጥ ያለ ነበር። ከሸራው ጀርባ የቆሙትን ሰዎች አላየቻቸውም። ትንፋሻቸውን ብቻ ሰማች።

ሹፌሮቹም በየመኪናቸው ገብተው ተከተሏቸው። ሁሉም ከፍ ወዳለው አስፋልት ወጡ። ለአራሷ ብለው የተነሡ ሹፌሮች የገዛ መኪናቸውን ከወንዙ አወጡ፤ በኋላ ነው ያስተዋሉት።

መጀመሪያ ድምፁ መጣ። የሚጭን የሚያራግፍ መኪና መሰላቸው። ከዚያ ውሃው ታየ፤ ቡናማ፣ ግንድ የተሸከመ፣ ቆርቆሮ የተሸከመ። ነፋሱ ያረፈው ሌላ አገር ነው፤ ውሃው ግን በዚህ በኩል ወረደ። እታለማሁ ከአስፋልቱ ዳር ቆማ ቤቷ ከቦታው ሲነሣ አየች። አልተሰባበረም፣ እንዳለ ተነሣ፤ ትንሽ ዞረና ሄደ።

«ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኜው ነበር እኮ» አለች።

ምን ይባላል? ባንተይርጋ አጠገቧ ቆሞ ነበር። «ደፍነሽዋል እታለም፣ አይቻለሁ። አንቺ ያልደፈንሽው የለም» አላት።

እሷም እጁን ያዘች፣ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ከጋቢናው የሐረገወይን ድምፅ ተሰማ። «እማዬ፣ ታፈንኩ፤ ይህን መስኮት ትንሽ ልክፈተው?»

እታለማሁ ዕንባዋን ሳትጠርግ ዞራ ጮኸች። «ዝጊው! ንፋስ!»

ሹፌሮቹ በሙሉ በሣቅ ወደቁ። እሷም ሣቀች። ቤቷ በሄደበት ሰዓት ሣቀች፤ ምክንያቱም የምትቆጣው ልጅ አላት።

ሕፃኑ አድጓል። ባንተይርጋ የክርስትና አባቱ ሆነ። የክርስትና ስሙን የሚጠራው ግን የለም፤ ሹፌሮቹ «ሸራው» ነው የሚሉት፤ አያቱ ትቆጣለች፣ እነሱ አይተዉም። እታለማሁም ምግብ ቤቷን እንደገና ከፍታለች፣ አስፋልቱ ዳር ከፍታው ላይ። ዛሬ ሹፌር ገብቶ አውሎ ነፋስ ሊመጣ ነው አሉ ቢላት፣ የት ያርፋል ብላ አትጠይቅም። መጀመሪያ የምትጠይቀው «መኪናህን የት ነው ያቆምከው?» ብላ ነው።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ የምትጠይቁት የቱን ነው? እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው አብዛኛው የመጀመሪያውን ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። በሽታው እኔ ላይ ያርፋል? ሥራ የሚቀነሰው እኔን ነው? ዘንድሮ ምን ይመጣል? ቁርጡን ንገረኝ፣ ጸልይና ንገረኝ ይለኛል። እኔ ቁርጡን ከየት አመጣለሁ? መስመሩ ማዶ ሲዞር እልል እንላለን፣ እቃችንን እንፈታለን፣ ንስሐችንን እንፈታለን። ወደዚህ ሲዞር ደግሞ እንደገና እንጠቀልላለን። መጠቅለልና መፍታት ሆነ ኑሯችን! እስኪለይለት ነው እንላለን። ሲለይለትስ? እንደምናስበው ማዶ ቢያርፍስ? ወንዝ ውስጥ ለቆመ ሰው ነፋሱ ማዶ ማረፉ ምን ይጠቅመዋል?

ከወንድሙ ጋር ስንት ዘመን የተኳረፈ ሰው እዚህ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም፣ እሱ ራሱን ያውቃል። ሐኪም ቁርጡን ቢነግረው፣ ይህን ያህል ቀን ቀርቶሃል ቢለው፣ ዛሬውኑ ሄዶ እግሩ ላይ ይወድቃል። ቁርጡ ስላልተነገረው ግን ቁጭ ብሏል። የሚፈራው ምንድን ነው? ምን ይሉኛል ነው። እሱ ይምጣ እንጂ እኔ ልሂድ እንዴ ነው። ለዚያች ንፋስ ሲል ቀዳዳ ሲወትፍ ይውላል። ወንድሜ፣ ቤትህ ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል። የተሠራው ግን ወንዝ ውስጥ ነው። በየቀኑ ስሙን ትጠራዋለህ፣ ቂሜ ትለዋለህ፣ ስሙ ምን እንደሚል ግን አልሰማህም።

ደግሞም በክፋት ሳይሆን በቁስል የማትወጡ አላችሁ። አንድ ጊዜ አምናችሁ ወጥታችሁ የቀበራችሁ፣ ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ እጃችሁን ዘርግታችሁ የቆማችሁ። እኔ አልሥቅባችሁም። እግዚአብሔርም አይሥቅባችሁም። ፍርሃታችሁን ጥላችሁ ኑ አላላችሁም፤ ከነፍርሃታችሁ የምታልፉበትን መንገድ ሸፍኖላችኋል፣ ጋቢናውን በራችሁ ድረስ አስጠግቶ ቆሟል። ሞተሩን አላጠፋም።

እኛ የቀረነውስ? እኛ ሹፌሮቹ ነን። ከሸራው አንዱን ጫፍ ያዙ እንጂ ሴትዮ እያላችሁ አትጩኹ። ዝናቡ ፊታችሁን ቢመታም ያዙ። የምታልፈው ሴት አታያችሁም፣ ትንፋሻችሁን ብቻ ትሰማለች፤ ይበቃችኋል። ማን ያውቃል፣ ለሌላ ሰው ብላችሁ ስትነሡ የገዛ ራሳችሁን ከወንዙ ታወጡ ይሆናል።

ነፋሱ የት ያርፋል? እኔ አላውቅም። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ እሱን አትጠይቁኝ። እታለማሁ በሯ ላይ ቆማ የምትጠይቀውን እኔም በዚህ በር ላይ ቆሜ እያንዳንዳችሁን ልጠይቃችሁ ነው፦

የት ነው የቆማችሁት?